ሆስፒታላችን ኢኤምአር ሊጀምር ነው፣ ሰራተኛውን ማዘጋጀት ከየት ነው የሚጀመረው?

ሲስተር_ደሴ፦

ሰላም ለናንተ ይሁን። ደሴ ነው የምሰራው፣ የሆስፒታሉ ስም ይቆየኝ፣ የሜዲካል ዋርድ ሄድ ነርስ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ማኔጅመንቱ ሰበሰበንና ከሁለት ወር በኋላ ኢኤምአር፣ ማለት የታማሚውን መዝገብ በኮምፒውተር መያዝ፣ እንጀምራለን፣ ካርድ ቀስ በቀስ ይቀራል ተባልን። ሲስተሙ ባህምኒ የሚባል የሆስፒታል ሶፍትዌር ነው አሉ። በሃሳቡ እኔ ደስ ብሎኛል፣ የምሬን ነው፣ አንድ የስኳር ታማሚ ከገጠር በጠዋት ተነስቶ መጥቶ ካርዱ ጠፍቶ ግማሽ ቀን ካርድ ክፍል በር ላይ ሲቀመጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ደሞ በ2014 ጥቅምትና ህዳር በጦርነቱ ጊዜ ደሴም ኮምቦልቻም ጤና ተቋማቱ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን፣ የተበተነ ካርድ ተመልሶ አይለቀምም፣ ስንቱ ሰው ከዛ በኋላ የህመሙን ታሪክ እንደ አዲስ ነው ያስጻፈው።

የጨነቀኝ ሰራተኛው ነው። ዋርዴ ላይ 22 ነርስ አለኝ። ወጣቶቹ ስልክ ላይ ማንም አይችላቸውም ግን ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡ እነሱም ይደናገራሉ። ዘጠኙ ኪቦርድ ነክተው አያውቁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንድ ሲስተር አሉን፣ 28 አመት ያገለገሉ፣ ደም ስሩ የጠፋበት በሽተኛ ሲመጣ ሁላችንም የምንጠራው እሳቸውን ነው፣ ከስብሰባው ስንወጣ እጄን ይዘው "ልጄ ጡረታዬ ሁለት አመት ነው የቀረው፣ እኔን ከዚህ ነገር ተዉኝ" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ዝም አልኩ።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ስሰራ እንደዚሁ ተጀምሮ ነበር። ሁለት ቀን ሆቴል ተወሰድን፣ ሻይ ቡና አለ፣ አንድ ልጅ ስላይድ እያሳየ ይሄን ክሊክ ታደርጋላችሁ፣ ከዛ ይሄን ታደርጋላችሁ አለን፣ ማንም ማውዝ አልያዘም፣ አበላችንን ፈርመን ወጣን። ሰኞ ስራ ስንገባ ሁሉም ይጠፋብናል፣ የምንጠይቀውም ሰው የለም፣ በሁለተኛው ወር ኮምፒውተሩ አቧራ እንዳይነካው በአንሶላ ተሸፍኖ ቁጭ አለ። ያ እንዲደገም አልፈልግም። ስለዚ ያለፋችሁበት ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ፣ ምን ይቅደም? ማኔጅመንቱንስ ምን ብዬ ልጠይቅ?


ኤችአይቲ_ኮምቦልቻ፦

ሲስተር አብሽሪ፣ ጥያቄሽ ትክክለኛ ሰአት ላይ ነው የመጣው፣ ብዙ ቦታ ይሄ የሚጠየቀው ከተበላሸ በኋላ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ የጤና መረጃ ቴክኒሽያን (ኤችአይቲ) ነኝ፣ ዲኤችአይኤስ2 የሚባለው የጤና ሪፖርት ሲስተም በ2010 አካባቢ በየቦታው ሲገባ ጀምሮ ወር በገባ በ20 ሪፖርት ስዘጋ ነው የኖርኩት፣ ኢኤምአር ደሞ ሌላ ተቋም ላይ ሲጀመር ለወራት ተመድቤ አግዣለሁ።

አንደኛ ነገር ሁሉም ሰው ዶክተርና ነርስ ይሰልጥን ይላል እንጂ ካርድ ክፍልን ማንም አያስታውስም። ስራው የሚበላሸው ግን እዛ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሲስተሙ ላይ ስም የሚጻፈው በፈረንጅ ፊደል ነው እንበል። እዚህ ወሎ ውስጥ መሐመድ ሰይድ የሚባል ስንት ሰው አለ? አንዱ መዝጋቢ መሐመድን በሁለት ኤም ይጽፈዋል ሌላው በአንድ ኤም፣ አንዱ በኦ ሌላው በዩ፣ ሰይድን አንዱ በኤ ሌላው በኢ፣ ፋጡማ ላይም እንደዛው። ሰውየው በወሩ ተመልሶ ሲመጣ መዝጋቢዋ ትፈልገዋለች፣ ያጣችው ይመስላታል፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ አዲስ ትከፍትለታለች። በቃ አንድ ሰው ሁለት ሶስት ፋይል ኖረው ማለት ነው፣ የፔኒሲሊን አለርጂው አንዱ ላይ ተጽፎ ሌላው ላይ የለም። እኛ ይሄን ስናየው መዝጋቢዎቹን ሰብስበን እዛው ከተማ የተለመዱ ስሞችን አንድ ገጽ ላይ ጻፍንና ከዛሬ ጀምሮ መሐመድ እንዲህ ነው የሚጻፈው ብለን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው፣ ደሞ ከስም በፊት በካርድ ቁጥርና በስልክ ቁጥር ፈልጉ አልን። አንድ ወረቀት ናት ግን ከሁለት ቀኑ ስልጠና በላይ ጠቅማናለች ወላሂ። አሁን ፋይዳ ያለው ሰው እየበዛ ነው፣ 12 ዲጂቱን ቁጥር ሲስተሙ የሚቀበል ከሆነ ከመጀመሪያው ይመዝገብ።

ሁለተኛ ቀንና ሰአት። በኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ ብላችሁ ሳይጀመር ጠይቁ። ዲኤችአይኤስ2 የኢትዮጵያን ካላንደር ይቀበላል፣ የናንተ ሲስተም ግን እንዴት እንደተስተካከለ አይታችሁ ነው ማወቅ ያለባችሁ። ህጻኑ መስከረም 2012 ነው የተወለደው ብላ እናት ስትነግርሽ በፈረንጅ ሳጥን ውስጥ 2012 ብትከቺው ልጁ በአንዴ ሰባት አመት ይጨመርበታል፣ መድሃኒት በእድሜ ለሚያሰላ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ሰአቱም እንደዛው፣ "8 ሰአት ይሰጥ" ሲባል ነርሷ ከሰአት በኋላ 8 ነው የሚገባት፣ ኮምፒውተሩ ላይ 8 ማለት ደሞ የጠዋቱ ሁለት ሰአት ነው። የስድስት ሰአት ልዩነት ነው። ዋርድሽ ላይ ኢንሱሊንና አንቲባዮቲክ ስላለ ስልጠናው ላይ ይሄ ብቻውን ጊዜ ይሰጠው።

ሶስተኛ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፣ ለአንድ ወር ወረቀቱም አብሮ ይሂድ።


ጠቅላላ_ሀኪም፦

ወንድሜ የስሙና የሰአቱ ነገር ልክ ነህ፣ የመጨረሻው ላይ ግን አልስማማም። "ወረቀቱም ኮምፒውተሩም አብሮ ይሂድ" ሲባል ምን እንደሚሆን እኔ ኖሬበታለሁ። ሰው የለመደውን ነው የሚሰራው፣ ቀኑን ሙሉ በወረቀት ይሰራና ሺፍት ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተር የሚችለው አንዱ ወጣት ነርስ ተቀምጦ የ30 በሽተኛ ቫይታል ሳይን (ግፊት፣ ሙቀት፣ የልብ ምት) ይገለብጣል። ስለዚ ሲስተሙ ላይ ያለው መረጃ ሁልጊዜ ያረጀ ነው፣ ያረጀ ስለሆነ ዶክተሩ አያየውም፣ ዶክተሩ ስለማያየው ነርሷ ለምን እሞላለሁ ትላለች። ስንፍና አይደለም ይሄ፣ ሁለት ጊዜ መጻፍ ሰው ያደክማል። በኔ እምነት አንድ ዋርድ ተመርጦ ቀን ይቆረጥለት፣ ሳምንት አብሮ ይሂድ፣ ከዛ ወረቀቱ ይነሳ፣ መብራት ወይ ኔትወርክ ሲጠፋ ብቻ የሚወጣ ፎርም በአንድ ፋይል ተዘጋጅቶ ነርስ ስቴሽን ላይ ይቀመጥ፣ ሲመለስ ማን እንደሚያስገባውም በስም ይታወቅ።

ሲስተር ማኔጅመንቱን ምን ልጠይቅ ላልሽው፣ ስልጠናው ስንት ቀን ነው ብለሽ አትጠይቂ። ከጀመርን በኋላ ስንት ቀን አጠገባችን የሚቆም ሰው ይኖራል በያቸው። ትልቁ ነገር እሱ ነው። ሰው ስልጠና ላይ ጥያቄ የለውም፣ ጥያቄው የሚመጣው ከሌሊቱ 9 ሰአት ላይ ኦርደሩ (የሀኪሙ ትዕዛዝ) አልገባ ሲለው ነው። ስለዚ በየሺፍቱ አንድ ከራሳችሁ ነርሶች የተመረጠ ሱፐር ዩዘር፣ ማለት ሲስተሙን ከሌላው በላይ የሚያውቅና ሌላውን የሚያግዝ፣ ይኑር፣ ዱቲ ፕሮግራሙ ሲወጣ ታስቦበት ይውጣ፣ እሱ ልጅ ደሞ በዛ ሰአት ሙሉ የበሽተኛ ጭነት አይጫንበት። እኔ ያየሁት ሱፐር ዩዘር ተብሎ ስም ተሰጥቶት 14 በሽተኛ ይዞ ሲሮጥ ነው።

እኛ ሀኪሞችም እንሰልጥን። ስልጠና ሲጠራ ነርስና ካርድ ክፍል ይሄዳል፣ ሀኪም "እኔ አውቀዋለሁ" ብሎ ይቀራል፣ ከዛ ኦርደር በቃል ይናገርና ነርሷ ታስገባለታለች። ኦርደር ያዘዘው ሰው ራሱ ያስገባ፣ ይሄ ገና ካልተጀመረ ይባል።

ፓስወርድ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ ስለሚያመኝ ነው። የሰራሁበት አንድ ቦታ የአንድ ኢንተርን ፓስወርድ በፕላስተር ተጽፎ ሞኒተሩ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ ዋርዱ ሙሉ የሚገባው በሱ ነው። አንድ ቀን የተሳሳተ ዶዝ በሱ ስም ታዞ ተገኘ፣ ልጁ እኮ በዛን ቀን ቤቱ ነበር። ደግነቱ ነርሷ መድሃኒቱን ሳትሰጥ ደረሰችበት። ልጁ ግን ለሳምንታት ሲጠየቅ ነበር። ይሄን ታሪክ ለሰራተኞችሽ ንገሪያቸው፣ ፓስወርድ ማለት ፊርማ ነው በያቸው፣ ፊርማህን አውሰኝ ተብሎ አይጠየቅም። ደሞ የበሽተኛን ስክሪን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ይሄን ኬዝ እዩልኝ" ማለት ለምደናል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የጤና መረጃ ደሞ በአዋጁ ልዩ ጥንቃቄ ከሚደረግላቸው ውስጥ ነው፣ ይሄ ስልጠናው ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰአት ሊኖረው ይገባል።


ኤችአይቲ_ኮምቦልቻ፦

ዶክተር ሳምንት ያልከው ኔትወርኩም ጀነሬተሩም እሺ ካለ ነው። እኛ ጋ መብራት በቀን ሁለት ሶስት ጊዜ እየሄደ፣ ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ሳይኖረው እየጠፋ፣ በአንድ ሳምንት ወረቀቱን ብናነሳ ኖሮ በሽተኛ ላይ ነበር አደጋው። ሁለት ጊዜ መጻፍ ያደክማል ያልከው ግን እውነት ነው፣ አልክድም። እንግዲያው ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ጀነሬተሩ ተነስቶ እስኪያዝ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ራሳችሁ አጥፍታችሁ ሞክሩት፣ ከዛ ወስኑ። በዚህ እንስማማ።


ጤና_ኤክስቴንሽን_ቃሉ፦

እኔ ሆስፒታል አይደለሁም፣ ቃሉ ወረዳ ገጠር ቀበሌ ነው የምሰራው፣ ግን የታብሌቱን ነገር ስላለፍኩበት ልጻፍ። እኛ በፊት የቤተሰብ ፎልደር ነበር የምንይዘው፣ የያንዳንዱ ቤት እናት ልጅ ክትባት ሽንት ቤት ሁሉ በወረቀት፣ ከዛ ኢ ቺስ የሚባል ይሄንኑ የምንመዘግብበት አፕ መጣና ታብሌት ተሰጠን። ስልጠናው ላይ ደህና ነበር፣ ተመልሰን ቀበሌ ስንገባ ነው ጉዱ። ቻርጅ የማደርገው ወፍጮ ቤት ነው፣ ወፍጮው ካልሰራ ታብሌቱም አይሰራም፣ ከዛ አንድ ቤት ሶላር አላቸው እዛ እያስቀመጥኩ ለመድኩ።

የምነግርሽ ዋና ነገር ግን ይሄ ነው። በ2015 ነሐሴ ክልላችን ላይ ዳታ ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም። አንዳንድ ጓደኞቼ ታብሌቱ የተበላሸ መስሏቸው መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉበት። አፑ እኮ ያለ ኔትወርክም ይመዘግባል፣ ያስቀምጠዋል፣ ኔትወርክ ስታገኚ ሲንክ ታደርጊዋለሽ፣ ማለት ትልኪዋለሽ። እኔ ይሄን የማውቀው ስልጠና ላይ ተነግሮኝ አይደለም፣ የጤና ጣቢያችን ኤችአይቲ አንድ ቀን ሱፐርቪዥን መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስላሳየኝ ነው፣ ምናልባት 20 ደቂቃ ነው የፈጀበት። በዛ 20 ደቂቃ ምክንያት የዛን ጊዜ የወላድ እናቶቼ ክትትል አልጠፋብኝም። ስለዚ ሰራተኛሽን ኔትወርክ ሲጠፋ ሲስተሙ ምን እንደሚሆን አስቀድመሽ አሳዪያቸው፣ የቱ ይቀመጣል የቱ ይጠፋል፣ ይሄን የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው መቋረጥ ነው የሚተወው።

ሁለት ጊዜ መጻፉን በተመለከተ ዶክተሩ ያለው እኛም ጋ አለ፣ ታብሌቱም ፎልደሩም ታሊ የሚባለው የመቁጠሪያ ወረቀቱም፣ በጣም ያደክማል፣ ከቤት ለቤት ጉብኝት የምንቀንሰው ሰአት ነው።


መምህር_ኢንፎርማቲክስ፦

ሁላችሁም ስለ ስራ ላይ ስልጠና ነው የምታወሩት፣ እኔ ጤና ኢንፎርማቲክስ ስለማስተምር ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ተማሪዎቻችን አንደኛ አመት ላይ ኮምፒውተር ኮርስ ይወስዳሉ፣ ሲፒዩ ምንድነው፣ ራም ምንድነው ተብለው ይፈተናሉ፣ ግን አንድም ቀን የታማሚ መዝገብ ከፍተው ቫይታል ሳይን ሳያስገቡ ነው የሚመረቁት። አፓረንትሺፕ፣ ማለት ለተግባር ልምምድ፣ ሲወጡ ደሞ ተማሪ ሲስተም አይነካም ይባላል። የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ሰርተፍኬት የያዙ ልጆች አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ደስ ይለኛል፣ ግን ፕሮግራሚንግ ማወቅና የህክምና መዝገብ በትክክል መያዝ የተለያየ ነገር ነው።

መፍትሄው ውድ አይደለም። ባህምኒ ኦፕንኤምአርኤስ በሚባል ሌላ የህክምና መዝገብ ሶፍትዌር ላይ የተሰራ ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ያለ ክፍያ አውርዶ አንድ ጥሩ ላፕቶፕ ላይ መጫን ይቻላል፣ የውሸት በሽተኞች ይገቡበታል፣ ከዛ ተማሪውም ሰራተኛውም እስኪጠግብ ያበላሽበት። ሲስተር፣ ይሄን ከአይቲ ክፍላችሁ ጠይቂ፣ "የመለማመጃ ሰርቨር ይኑረን" በይ፣ ከዋናው የተለየ። ሰው የሚፈራው የእውነት በሽተኛ ላይ እንዳያጠፋ ነው፣ የማያስፈራ ቦታ ስትሰጪው እጁ ይፈታል። ዲኤችአይኤስ2ም በኦንላይን ነጻ መሰረታዊ ኮርስ አለው፣ ሪፖርት ለሚይዙት ይሆናል።

ሌላው፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤናው ካምፓስ ደሴ ነው፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ደሞ ኮምቦልቻ፣ መሃላቸው የሐረጎ መንገድ ብቻ ነው። ሶፍትዌር የሚማሩት ልጆች ለመመረቂያ ፕሮጀክታቸው እውነተኛ ችግር ይፈልጋሉ፣ እናንተ ጋ ደሞ ችግሩ ሞልቷል። ሆስፒታላችሁ ደብዳቤ ጽፎ ቢጠይቅ ለመጀመሪያው ወር በየዋርዱ አጠገብ የሚቆም ወጣት ማግኘት የሚቻል ይመስለኛል። የበሽተኛ መረጃ ስለሆነ ግን የሚስጥር ስምምነት ፈርመው ብቻ ነው መግባት ያለባቸው።


የድሮ_ነርስ፦

ልጄ፣ ስለዛች ሲስተር ያልሽውን ሳነብ ራሴን ነው ያየሁት፣ ለዛ ነው የምጽፈው፣ ስልክ ላይ ስጽፍ ቀስ ስለምል ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔም ደሴ ነው ያገለገልኩት፣ አሁን ጡረታ ነኝ። ኮምፒውተር ስንጀምር 53 አመቴ ነበር።

እሷ ተዉኝ ያለችሽ ሰንፋ እንዳይመስልሽ። 28 አመት ሰው እሷን ሲጠይቃት ኖሯል፣ አሁን የልጇ እኩያ ፊት ማውዝ መያዝ ሲያቅታት፣ አስታማሚው ቆሞ እያያት፣ ያ ነው የሚያስጨንቀው። እኔ ስልጠናው አዳራሽ ውስጥ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም፣ ሁለት ቀን ሙሉ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ አንዲት ወጣት ነርስ፣ አላህ ይጠብቃት፣ ማታ ዱቲ አብረን ስንገባ በሽተኛው ሲተኛ ጠብቃ "እትዬ ኑ ካርታ እንጫወት" ብላ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የካርታ ጨዋታ ከፈተችልኝ። ማውዝ መያዝ፣ መጎተት፣ ሁለቴ መጫን በሱ ነው የለመድኩት። አንድ ሳምንት ያህል ካርታ ብቻ። ከዛ ስሜን አስጻፈችኝ፣ ከዛ የአንድ በሽተኛ የደም ግፊት ብቻ፣ እሱን ብቻ ለቀናት። ቶሎ አልሄደችብኝም። በሁለተኛው ወር ሙሉ አስገባ ነበር፣ ዘገምተኛ ነኝ ግን አልሳሳትም ነበር፣ ምክንያቱም አይኔ ያውቃል፣ ግፊቱ 210 ተብሎ ከገባ እኔ ሂጄ ደግሜ ለክቼ ነው የማምነው፣ ልጆቹ ግን ኮምፒውተሩ የተቀበለውን ያምናሉ።

ስለዚህ ለሷ ይሄን በያት፣ አንቺ ፍጥነት አይጠበቅብሽም፣ ልጆቹ የሚያስገቡትን ቁጥር የምታይልን አንቺ ነሽ በያት። ዝም ብሎ ማባበያ አይደለም፣ ስራው እውነት ያስፈልገዋል። እና መነጽሯን አረጋግጪ። የኔ ችግር ግማሹ መነጽር ነበር፣ ስክሪኑ አይታየኝም ነበር፣ ለሰው መናገር አፍሬ ነው እንጂ።


ሲስተር_ደሴ፦

እናቴ የመነጽሩ ነገር በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። ዛሬ ስራ ስገባ አስቤው ሲስተሯን ሳያቸው ቴምፕሬቸር ቻርት ሲያነቡ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ነው የሚይዙት። አመት ሙሉ አብረን ሰርተን አላየሁም። አይን ክሊኒክ ያለች ጓደኛዬን ለነገ አናግሬላቸዋለሁ። እርስዎ ያሉኝን ቃል በቃል ለሲስተሯ ነገርኳቸው፣ የሚያስገቡትን ቁጥር የሚያዩልን እርስዎ ነዎት አልኳቸው፣ ትንሽ ዝም አሉና "ማታ ማታ ከሆነ እሺ" አሉኝ።

ከሁላችሁም የወሰድኩትን ይዤ የነርሶች ኃላፊዋን፣ ሜትረኗን፣ አናገርኩ። የመለማመጃው ሰርቨር እሺ ተብሏል፣ አይቲው ራሱ ደስ ብሎታል። ሁለት ወሩ ሳይደርስ ከኛ ዋርድ ብቻ እንድንጀምርም ተስማምተዋል። የስሞቹን ዝርዝር ካርድ ክፍል ያሉትን ልጆች ሰብስቤ ልጀምረው ነው። ሰአቱን ደሞ መድሃኒት መስጫው ቻርት ላይ ጠዋት፣ ከሰአት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚለው አብሮ እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ። ያልተፈታው ዶክተር ያልከው ነው፣ ሱፐር ዩዘር ለሚሆኑት ልጆች በሽተኛ ይቀነስላቸው ስል "ሰው ከየት ይምጣ" ነው የተባልኩት፣ እውነታቸውን ነው፣ ሰው የለንም። ለመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ብቻ ከሌላ ዋርድ ሁለት ነርስ ይዋሱን ብዬ በጽሁፍ አስገብቻለሁ፣ መልስ እየጠበቅኩ ነው። በዚህ ላይ ሌላ ቦታ የተሳካለት ሰው ካለ ይጻፍልኝ።


ኤችአይቲ_ኮምቦልቻ፦

በጽሁፍ ማስገባትሽ ጥሩ ነው፣ በቃል ቢሆን ይረሳ ነበር። እኛ ጋ የተሳካው ሰው በመዋስ አልነበረም፣ ቀጠሮ ያላቸውን ተመላላሽ ታካሚዎች ለመጀመሪያው ሳምንት አሳንሰን ነው፣ ዋርድ ላይ ግን ያ አይሆንም፣ ስለዚ አንቺ የጠየቅሽው የመዋስ መንገድ ይሻላል። ቅዳሜ እረፍት ነኝ፣ ወደ ደሴ ልወጣ እችላለሁ፣ የለጠፍናትን የስም ዝርዝር ይዤልሽ እመጣለሁ፣ የሰው መረጃ የለባትም ስሞች ብቻ ናቸው። ካርድ ክፍል ያሉት ልጆች ከሰአት በፊት ሰልፍ ስለሚበዛባቸው ከ8 ሰአት በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። የኛ 8 ሰአት።